ከአስፋልቱ በታች ያለችው አዲስ አበባ

(በወሎ ሰፈር በአንድ የእድር አዳራሽ ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ከተማችን ፕላን እንድናገር የጠየቁኝ ወገኖች አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል። «ካርታ አታሳየን፤ ካርታ አይተን ጠግበናል» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። በዚህች ከተማ ካርታ ያላየ የለም። ባለ ቀለሙ፣ ባለ ሞዴሉ፣ በቴሌቪዥን የሚሽከረከረው፣ ሁሉንም አይተናል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ በካርታው ላይ ደምቆ ስለማይታየው ነገር ነው። ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ፍሳሽ ቱቦ፣ ስለ መብራት መስመር፣ ስለ ስልክ ገመድና ስለ ቆሻሻ መጣያ ላወራችሁ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የቧንቧ መስመር በመንደፍ ስለሆነ፣ የማውቀውም እሱኑ ነው።

አዲስ አበባ ማስተር ፕላን አጥታ አታውቅም። ጣሊያን በወረራው ዘመን አወጣላት። በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ አወጡላት። በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው ደ ማሪያን፣ በደርግ ዘመን ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ፣ ኋላም የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ፣ ከዚያም በ1990ዎቹ የእኛው ባለሙያዎች፣ በ2009 ደግሞ ሌላ መዋቅራዊ ፕላን። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ፕላን ይለወጣል። የተቀበረ ቱቦ ግን ከመንግሥት ጋር አይለወጥም። ንጉሡ ቢሄዱ፣ ደርግ ቢመጣ፣ ኢሕአዴግ ቢገባ፣ ብልጽግና ቢተካ፣ ቱቦው ያው እዚያው ነው። ሃምሳ ዓመት፣ ስልሳ ዓመት ያገለግላል። ሰውም ቤቱን የሚሠራው ቱቦው ባለበት ነው። ታዲያ ከተማውን የሚቀይሰው ማነው? ካርታው ነው ቱቦው?

ማገዶ ያስቀራት ዋና ከተማ

ወደ ኋላ ልመለስና ከመጀመሪያው ልነሳ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ። መኳንንቱም በየአቅጣጫው ሰፈሩ። የራስ እገሌ ሰፈር፣ የደጃች እገሌ ሰፈር የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ሰፈሩ በጦር ሰፈር ሥርዓት፣ በየወንዙና በየኮረብታው የተመራ ነበር። ምንጭ ያለበት ቦታ ቀድሞ ተያዘ።

ብዙም ሳይቆይ ከተማዋ ልትፈርስ ደረሰች። ጠላት መጥቶባት ይመስላችኋል? የለም፤ ማገዶ አልቆባት ነው። በዙሪያዋ ያለው ጫካ ተጨፍጭፎ አለቀና አጼ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አሰቡ። እዚያም ግንባታ ተጀመረ። አዲስ አበባን ከመፍረስ ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ በከተማዋ ዙሪያ ተተከለና የማገዶውና የቤት መሥሪያው ችግር ተቃለለ። ዛሬ መብራት ኃይል የምንለው ያኔ ባሕር ዛፍ ነበር ማለት ነው። ከተማ በጉልበት ምንጭ እንደሚኖርና እንደሚሞት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

የቧንቧ ውሃም የመጣው ያኔ ነው። በስዊዙ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ ንድፍ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወረደ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ቧንቧ የሄደው ወደ ቤተ መንግሥት ነው። ይህ የቧንቧ አመል ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ቧንቧ ሁልጊዜ ሥልጣንና ገንዘብ ወዳለበት ያዘነብላል፤ ካልተጎተተ በቀር ወደ ድሃ ሰፈር በራሱ አይመጣም።

ከካዛንቺስ እስከ ወሎ ሰፈር

ጎረቤታችንን ካዛንቺስን ተመልከቱ። ስሙ ከየት መጣ? ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበራቸው። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በዚያው ዘመን የወጣው የጣሊያኖች ፕላን ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ነበር። አገሬው ወደ መርካቶ በኩል እንዲገፋ፣ ለነጩ ሠራተኛ ደግሞ መንገድና ውሃ ያለው መኖሪያ እንዲሠራለት ተወሰነ። ወራሪው በአምስት ዓመት ተባረረ። የለያየው መስመር ግን አብሮት አልሄደም። ከእሱ በኋላ የመጣው ባለሥልጣንና ባለሀብት ውሃና መንገድ ወዳለበት ገባ፤ የቀረው ሕዝብ በጓሮው ሰፈረ።

መሿለኪያም አለችላችሁ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሐዲዱ ቂርቆስን ለሁለት ከፈለው። ሰው ከሐዲዱ ሥር እየሾለከ ማለፍ ነበረበት፤ ስሙም መሿለኪያ ሆነ። አንድ መስመር ሰፈር ይፈጥራል፣ ሰፈር ይከፍላል፣ ስም ሳይቀር ያወጣል። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሲመጣ በዚያው በጎተራ፣ በሪቼና በመሿለኪያ መስመር አልፎ ያንኑ ታሪክ ደገመው። ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ሆነን ቀረን። ድሬዳዋንም የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የባቡር ኩባንያው የቀየሰው ከዚራ ጎዳናው እንደ ክር የተዘረጋ ነው፤ ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ እንደ ሰው እግር የሄደ ነው። አንድ ከተማ፣ ሁለት ዕጣ።

የእኛስ ወሎ ሰፈር? የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ባይዛወር ኖሮ ይህ ሰፈር ምን ይሆን ነበር? በ1950ዎቹ ቦሌ አየር ማረፊያ ሲከፈት ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ያለው ጎዳና የአገሪቱ የፊት በር ሆነ። እንግዳ የሚገባው በዚህ ነው። ስለዚህ መንገዱ፣ የመንገድ መብራቱ፣ ውሃው፣ ስልኩ መጀመሪያ በዚህ መስመር ተዘረጋ። ቪላው፣ ኤምባሲው፣ ኋላም ፎቁ ተከተለ። ከዚያ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና መንገድ ተከፈተና እኛ ጭርንቁስ የነበርነው ሰዎች በሁለት ትልልቅ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ተቀምጠን ተገኘን። በአንድ ሌሊት መሬታችን ወርቅ ሆነ። ቤታችን ግን ያው የጭቃ ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንዱ ወጣት «ታዲያ መሬቱ ወርቅ ከሆነ ምን ቸገረን?» ሊለኝ ይችላል። ችግሩ መሬቱ የእኛ አለመሆኑ ነው! በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ጣሪያ ለመክደን እንኳ አይበቃም ነበር። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ገንዘብ እንዳያድስ ፈቃዱም አቅሙም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ሃምሳ ዓመት! በሃምሳ ዓመት ውስጥ በጓሮአችን የተለወጠ ነገር ቢኖር ቦኖው የጋራ ቆጣሪ መሆኑ ነው። አሥር ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት፣ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ። የፊት ለፊቱ መንገድ ሦስት ጊዜ ሲታደስ የጓሮው ቧንቧ ያው የዝገት መንገድ ነው።

ውሃ ቁልቁል፣ ገንዘብ ሽቅብ

አሁን ትንሽ ወደ ሙያዬ ልግባ፤ አትሰልቹ። የአዲስ አበባ መሬት ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘነብላል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ወደ አቃቂ ስትወርዱ ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ዝቅ ይላል። ይህ ቁልቁለት ለከተማ መሐንዲስ ፀጋም መከራም ነው። ከምዕራብ በኩል የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ሥራ ጀመረ። ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተሠራ። ከሱ ጎን ድሬ ግድብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማው በአብዛኛው ፊቱን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ አዞረ፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ተቆፈሩ።

የአቃቂ ውሃ ያለው ከታች ነው። ከታች ያለ ውሃ ሽቅብ የሚወጣው በፓምፕ ነው። ፓምፕ የሚሠራው በመብራት ነው። እንግዲህ መብራት ሲሄድ ውሃም አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ እርግማን ይዞን አይደለም። አንዱ መሥሪያ ቤት መብራት ሲያጠፋ የሌላውን መሥሪያ ቤት ውሃ ያጠፋል። ሁለቱ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ፕላን ሲያወጡ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መንገድ ዳር ያለው ፎቅ ከሥሩ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ ተደርድሯል። ውሃው በተለቀቀ ሰዓት ፎቁ መጀመሪያ ጋኑን ይሞላል። አንዳንዱማ ፓምፑን ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ይስባል። ከኋላ ያለው መንደር ቧንቧ ላይ ፉጨት ብቻ ይሰማል። ጀሪካን ደርድረው ሌሊት የሚያድሩ እናቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ እነሱ ከእኔ በላይ ይመሰክራሉ። ፎቁን አልጠላም። ፎቁ ሲፈቀድ ግን «ለዚህ ፎቅ የሚበቃ ቧንቧ አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ማነው? ባለ አራት ኢንች ቱቦ ለቪላ ሰፈር ተዘርግቶ ባለ አሥራ አምስት ፎቅ ከተሰካበት፣ ሂሳቡን የሚከፍለው የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው።

ፍሳሹ ከዚህም የባሰ ነው። ከተማችን ዘመናዊ የፍሳሽ መስመርና የቃሊቲን ማጣሪያ ያገኘችው በ1970ዎቹ ነው። ማጣሪያው የታሰበው በቀን 7 ሺህ 600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ፣ ለ200 ሺህ ሰው ገደማ እንዲሆን ነበር። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ነበር። በ1987 ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን ደረሰ። በ1999 ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ሆነ። ማጣሪያው ግን ያው ነበር። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራው አዲሱ የቃሊቲ ማጣሪያ የተመረቀው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመሃሉ ያለው ከሰላሳ ዓመት በላይ ፍሳሽ የት ሄደ? በየግቢው ጉድጓድ ሰረገ፣ በቦቴ ተጫነ፣ የቀረው ቀበና ገባ፣ ባንቲይቀጡ ገባ፣ ወደ አቃቂ ወረደ። በዚያ ውሃ ታች ያሉ ገበሬዎች አትክልት ያለማሉ። ያ አትክልት ተመልሶ ወደ ገበታችን ይመጣል። ከላይ የደፋነውን ከታች ገዝተን እንበላለን ማለት ነው።

ከእንግሊዝ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1858 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን የቴምዝ ወንዝ ገምቶ የፓርላማ አባላት አፍንጫቸውን ይዘው መሰብሰብ አቃታቸው። ያኔ ነው ገንዘብ የተፈቀደው። ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባል መሐንዲስ የከተማውን ፍሳሽ መስመር ሲነድፍ ለዚያን ቀን ሕዝብ ብቻ አልነደፈም፤ ገና ላልተወለደው ሕዝብ ጭምር ነደፈ። ዋና ዋና መስመሮቹ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። እኛ ዘንድ ሽታው የምክር ቤቱ ወንበር ላይ ስለማይደርስ ይሆን ሥራው የሚዘገየው?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ጉዳይ ልምጣ። መንገድ ይሠራል። ሪባን ይቆረጣል። ጭብጨባ ይሰማል። አስፋልቱ ገና ሳይደርቅ ውሃ መጥቶ ይቆፍራል። ውሃ የከፈተውን ሳይዘጋ ቴሌ ይመጣል። ቴሌ ሲሄድ መብራት ይከተላል። የተቆፈረው በአፈር ተደፍኖ ክረምት ይገባል፤ መኪና ይሰምጣል፤ ሽማግሌ ይወድቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ አወቃቀሩ ነው። ስልክ በ1945 የራሱ ቦርድ ተቋቋመለት። መብራት በ1948 የራሱ ባለሥልጣን ኖረው። የውሃና ፍሳሹ መሥሪያ ቤት ለብቻው ቆመ። መንገዶች በ1990 ለብቻው ተቋቋመ። ስልኩና መብራቱ የፌዴራል ናቸው፤ ውሃውና መንገዱ የከተማው ናቸው። ከንቲባው መብራት ኃይልን ሊያዝ አይችልም፤ መብራት ኃይል የከተማውን ፕላን የማክበር ግዴታው በወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ የራሱ በጀት፣ የራሱ ጨረታ፣ የራሱ ስካቫተር አለው። በ2006 ዓ.ም. የመሠረተ ልማት ሥራን የሚያቀናጅ አዋጅ ወጣ፤ አስተባባሪ ኤጀንሲም ተቋቋመ። አዋጁ ጥሩ ነበር። ቁፋሮው ግን ከአዋጁ በኋላም አላቆመም። ምክንያቱም በጀትና ሥልጣን የሌለው አስተባባሪ የሠርግ ሽማግሌ ነው፤ ይመክራል እንጂ አይዝም።

አለመቀናጀት አስፋልት ብቻ አያበላሽም። ሰውም ይገድላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ረጲ ያለው የቆሼ ቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ቆሼን ተክቶ ሰንዳፋ ላይ አዲስ መጣያ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ሰንዳፋ ተዘጋ፤ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ገበሬው አጥፊ ነው? በመሬቱ ላይ የከተማ ቆሻሻ ሲደፋ እሺታውን የጠየቀው ማን ነበር? የቆሼ ድሆችስ አጥፊ ናቸው? ሁለቱንም ሳይጠይቅ ፕላን ያወጣው ክፍል ነው የሚጠየቀው። በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ የተሰረዘው የአዲስ አበባና የዙሪያው የጋራ ማስተር ፕላንም የደረሰበት ይኸው ነው። ለገዳዲም፣ ገፈርሳም፣ ድሬም ያሉት ከከተማው ወሰን ውጪ በኦሮሚያ ነው። ከተማው የሚጠጣው ከጎረቤቱ ነው። ከጎረቤት የሚጠጣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ ነው ማሰሮ የሚያወርደው። ሳይመከር የወጣው ፕላን ግን የብዙ ወጣት ደም ፈስሶበት ተቀደደ።

የሊዙ ገንዘብ የት ገባ?

ገንዘብ የለም የሚሉን አሉ። እስቲ እንየው። የከተማ መሬት በሊዝ እንዲያዝ የታወጀው በ1986 ነው። በ1994 ተሻሻለ፤ በ2004 ደግሞ አዋጅ 721 መጣ። በጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚቀርበውን ዋጋ በጋዜጣ ታነባላችሁ። ለመሆኑ ባለሀብቱ የሚከፍለው ለአፈሩ ነው? አፈር አምቦ መንገድም አለ፣ ደብረ ብርሃን መንገድም አለ። እሱ የሚከፍለው በደጁ ላለፈው መንገድ፣ ለቧንቧው፣ ለመብራቱ ነው። ያ መስመር ደግሞ የተዘረጋው በሕዝብ ግብር ነው፤ ግማሹም ልጅ ልጆቻችን በሚከፍሉት ብድር ነው። እንግዲህ ከመሬቱ የሚገኘው ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ቱቦው መመለስ አለበት። ይህ ፖለቲካ አይደለም፤ የሱቅ ሂሳብ ነው። ሸጦ ያገኘውን ለድግስ የሚያውል ነጋዴ በዓመቱ ሱቁን ይዘጋል።

ኮንዶሚኒየሙንም አስታውሱ። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ብዙ ሰው ጣሪያ አግኝቶበታል፤ ያንን አልክድም። ቤቱ ተሠርቶ፣ ዕጣ ወጥቶ፣ ቁልፍ ተሰጥቶ፣ ውሃና መብራት ያልገባላቸው ሳይቶች ግን በየጊዜው ሲዘገቡ ኖረዋል። ሰው ብሎኬቱ ውስጥ ገብቶ ውሃ በጋሪ ገዛ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን ተሸከመ። ሽማግሌዎቻችን ያሉት ለዚህ ነው፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ኮሪደሩና እኛ

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የሚባለው ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከሜክሲኮ በሳር ቤትና በጎተራ አድርጎ እዚሁ ወሎ ሰፈር ደረሰ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተነሳ። ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ እድሩ፣ ሁሉም ተነሳ።

ተቃዋሚ ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብዬ እውነቱን አልሸሽግም። በዚህ ሥራ አንድ ትክክለኛ ነገር ተደርጓል። የመብራትና የስልክ ገመድ በአንድነት ከመሬት በታች እንዲገባ፣ የጎርፍ መውረጃው አብሮ እንዲሠራ ተደርጓል። መሐንዲሶች ስንጮህበት የኖርነው ነገር ነው። ሲታሰብበት እንደሚቻል ታየ! እንግዲህ «አይቻልም» የሚለው ሰበብ ከአሁን በኋላ አይሠራም።

ነገር ግን ሦስት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፣ መስመሩ የሚገባው ለማን ነው? አስፋልት ዳር ላለው ብቻ ከሆነ፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ቧንቧ በምን ተሻለ? ከጎዳናው ሃምሳ ሜትር ገባ ስትሉ ያለው ጓሮ ምን ደረሰው? ሁለተኛው፣ የተነሳው ሰው የሄደበት ቦታ ውሃው፣ መብራቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ታክሲው ከሰውየው ቀድሞ ደርሷል ወይ? ካዛንቺስ የነበረች እንጀራ ጋጋሪ ደንበኛዋ በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር። ከተማ ዳር ስትወሰድ ቤት አገኘች ቢባል፣ ደንበኛዋን አብራ አላገኘችም። ምጣዷ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ሦስተኛው፣ ጥድፊያው ለምንድን ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የተቀበረ ቱቦ በደንብ ሳይጠቀጠቅ፣ ቁልቁለቱ ሳይለካ፣ ግፊቱ ሳይፈተሽ ከተሸፈነ፣ ጉዱ የሚወጣው ሪባን የቆረጠው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ «ፀረ ልማት» የሚል ስም ይሰጣል። በሦስት መንግሥት ውስጥ ይህን ስም በተለያየ ቋንቋ ሰምቼዋለሁ። ቱቦው ግን ፓርቲ አያውቅም። ፓርቲውን ብትደግፈውም ብትቃወመውም ቱቦው ጠባብ ከሆነ ውሃው አይደርስህም።

ምን እንጠይቅ?

መጨረሻ ላይ ወደ ሥራ ልግባ። ተሰብስቦ መበተን ልማዳችን ሆኗልና፣ ከዚህ ስንወጣ በወረቀት የምንጽፈው ነገር ይኑር።

አንደኛ፣ በሰፈራችን የተቀበረው መስመር ካርታ ለነዋሪው ይሰጥ። የውሃው፣ የፍሳሹ፣ የመብራቱ። መሬት ሥር ያለው ነገር የመንግሥት ሚስጥር አይደለም፤ በገንዘባችን የተቀበረ ነው።

ሁለተኛ፣ ለፎቅ ፈቃድ ሲሰጥ የመስመሩ አቅም ተለክቶ ይሁን፤ ካነሰ ደግሞ ለማስፋቱ ባለ ፎቁም ድርሻውን ይክፈል። የጓሮው ድሃ ባልሠራው ሕንፃ አይጠማ።

ሦስተኛ፣ አንድ መንገድ ከመሠራቱ በፊት አራቱም መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰነድ ላይ ይፈርሙ። ከዚያ በኋላ የሚቆፍር ካለ አስፋልቱን በራሱ በጀት እንደነበረ ይመልስ።

አራተኛ፣ ነዋሪ ከመነሳቱ በፊት የሚሄድበትን ቦታ ራሱ በመረጣቸው ሰዎች ያስጎብኝ። ቧንቧው ተከፍቶ ውሃ ይታይ፤ አምፖሉ በርቶ ይታይ። ከዚያ ነው ዕቃ የሚጫነው።

አምስተኛ፣ ከመሬታችን ሊዝ የተሰበሰበው ስንት እንደሆነ፣ ስንቱስ ወደ ውሃና ፍሳሽ እንደተመለሰ በየዓመቱ በይፋ ይነገረን።

እነዚህ አምስቱ ነገሮች አብዮት አይፈልጉም። የውጭ እርዳታም አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ከተማውን የሚቀይሱት ሰዎች በከተማው ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ቀና ብለው እንዲያዩ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ብቻ መሆን የለበትም። ሰው በቁሙ ሳለ ውሃ እንዲያገኝም ይጠይቅ። ደብዳቤው ዛሬ ማታ ይጻፍ፤ የፊርማው ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከእናቶች እንጀምር፤ ጀሪካን ተሸክመው ያደሩት እነሱ ናቸውና።